ብሎካችን ሌሊቱን ሙሉ ሲያስመልስ አደረ፤ ምን ይደረግ?

ብሎክ_ሰባት፣ ማክሰኞ ጠዋት 1፡40

ሰላም ናችሁ የአገሬ ልጆች። የግቢያችንን ስም አልጠራም። ደሴ ይሁን ኮምቦልቻ፣ እሱንም ተዉት፤ 25 ኪሎ ሜትር ምን ልዩነት አላት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትናንት ማታ 4 ሰዓት ገደማ አንዱ የዶርማችን ልጅ ድንገት ተነስቶ ወደ ሽንት ቤት ሮጠ። አልደረሰም፣ ኮሪደሩ ላይ ለቀቀው። እየሳቅንበት ሳለ ሁለተኛው ተነሳ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ሽንት ቤቱ በር ላይ የነበረው ሰልፍ የካፌ ሰልፍ ነው የሚመስለው። ከስምንታችን አምስቱ ወድቀዋል። እኔ እስካሁን ደህና ነኝ፣ ሆዴ ግን ይጮሃል። ፍርሃት ይሁን ሌላ እንጃ።

ውሃ ከጠፋ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ከሮቶው በባልዲ እየቀዳን ነው። ክሊኒክ የሄዱት "አሜባ ነው" ተብለው ፍላጂል ይዘው ተመለሱ። ሌላው ደግሞ "አተት ገብቷል፣ ግቢው ሊዘጋ ነው" እያለ ሻንጣውን ያዘጋጃል። ጂሲዎቹ፣ ተመራቂዎቹ ማለቴ ነው፣ ካፌውን እንሰባብረው እያሉ ነው። ምን ይሻላል?

ነንካፌ_ነኝ፣ ማክሰኞ 1፡55

ሃሃሃ፣ ስንት ጊዜ ነገርኳችሁ የግቢውን ካፌ ትታችሁ ነን ካፌ ውጡ ብዬ! የካፌ ሽሮ የሚበላ ሰው ለሆዱ ኢንሹራንስ ይግባለት። እኔ ትናንት ፍርፍሬን ውጭ በልቼ ለሽ አልኩ። ቀልዱን ትተን፣ አይዟችሁ። የኔ ዶርም አንዱ ልጅም ሌሊት አስመልሶ ወለሉን የወለወልኩት እኔ ነኝ። ሽታው እስካሁን ከአፍንጫዬ አልወጣም።

ሲስተር_ሸዋበር፣ ማክሰኞ 2፡20

አብሽሩ ልጆቼ። ነርስ ነኝ። መጀመሪያ የውሃውን ነገር እንያዝ፣ ሌላው ይደርሳል።

በተቅማጥ ሰው የሚሞተው በአብዛኛው የሰውነቱ ውሃና ጨው ስለሚያልቅ ነው። ፋርማሲ ሂዱና ኦአርኤስ ግዙ፣ ሕይወት አድን የሚባለውን። አንድ ፓኬት ለአንድ ሊትር ውሃ ነው። በብርጭቆ ሩብ ፓኬት እያላችሁ አትቀምሙ። ከወፈረ ተቅማጡን ያባብሳል፣ ከቀጠነ አይረባም። በ24 ሰዓት ያላለቀው ይደፋ። ፓኬት ከጠፋ በአንድ ሊትር ንጹህ ውሃ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ነው፣ ማንኪያው ሳይቆለል። ጨው በማብዛት አትሳሳቱ።

"ስጠጣ ይመለሳል" የሚለው ሁሉ ኩባያውን በአንድ ትንፋሽ የሚገለብጥ ነው። ካስመለሰ በኋላ 10 ደቂቃ ይቆይ፣ ከዚያ በማንኪያ በማንኪያ ይውሰድ። ለስላሳ አታጠጡ፣ ስኳሩ ይበዛል። አጥሚትና የሩዝ ውሃ ጥሩ ነው። የአብሽ ውሃ የሚወድ ይጠጣ፣ እኔ ወሎዬ ነኝ፣ አብሽ አልከለክልም። ኦአርኤሱን ግን አይተካም። ፌጦ በሎሚ ደግሞ በተቆጣ ሆድ ላይ አትጨምሩ፣ አደራ።

ሽንቱ 6 ሰዓት ሙሉ ካልመጣ፣ ሲቆም ካዞረው፣ ዓይኑ ከጎደጎደ፣ ሰገራው ደም ካለው ወይም የሩዝ እጣቢ ከመሰለ "ሲነጋ እንሄዳለን" አይባልም። በዚያው ሰዓት ይወሰድ።

መዝጋቢው፣ ማክሰኞ 3፡05

ሲስተር ያሉትን ሁሉ እደግፋለሁ። እኔ የሕብረተሰብ ጤና ነው ሥራዬ። ወረርሽኝ ሲነሳ ደብተር ይዤ የምሄደው ሰውዬ ነኝ።

ስለ አሜባው አንድ ነገር ልበል። እኛ አገር ሆድ በቆረጠ ቁጥር አሜባ ነው። አሜባ ግን ከገባ በኋላ ምልክቱ እስኪታይ ብዙ ጊዜ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ይቆያል፣ ጃርዲያ የሚባለው ሌላው የአንጀት ጥገኛም ሳምንትና ከዚያ በላይ ይፈጃል። አንድ ብሎክ ሙሉ በአንድ ሌሊት አሜባ አይነሳበትም። ፍላጂሉን ሲፕሮ ከሚባለው የባክቴሪያ መድኃኒት ጋር የምትቀላቅሉት ልጆች ደግሞ ባክቴሪያ ላይሆን ለሚችል ነገር ነው የምትውጡት። ተቅማጥ ማቆሚያ እንክብልም ትኩሳት ወይም ደም ያለበት ሰው አይውሰድ።

እኔ የምጠይቃችሁ ሰዓት ነው። በልቶ ከአንድ እስከ ስድስት ሰዓት ባለው ውስጥ ድንገት ማስመለስ ከሆነ ምግብ ላይ ቀድሞ የተሠራ መርዝ እጠረጥራለሁ። ከእጅ የሚመጣው ስታፍ የሚባለው ባክቴሪያ ወይም በተቀመጠ ሩዝ ላይ የሚራባው ባሲለስ የሚሠራው ነው። ከስድስት እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ቁርጠትና ተቅማጥ ብቻ ከሆነ፣ ትኩሳት ከሌለ፣ ዓይኔ ትልልቅ ድስት ላይ ይሄዳል። በርሜል የሚያህል ወጥ ቀስ እያለ ሲቀዘቅዝ ውስጡ የሚነቃ ባክቴሪያ አለ። ከ12 እስከ 48 ሰዓት ቆይቶ ማስመለስም ተቅማጥም አንድ ላይ ሲመጣ፣ በተለይ ሰው ከሰው ሲቀባበለው፣ ኖሮ የሚባለው ቫይረስ ነው ቀድሞ የሚታሰበኝ። ትኩሳትና ደም ካለ ሺጌላ ወይም ሳልሞኔላ የሚባል ባክቴሪያ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ድንጋዩን ተዉትና ደብተር አንሱ። ስም አያስፈልግም፣ የዶርም ቁጥር ይበቃል። መቼ ጀመረው? ቀድሞ የመጣው ማስመለስ ነው ተቅማጥ? ትኩሳት አለ? ደም አለ? ከእሁድ ጠዋት ጀምሮ ምን በላ፣ ውሃ ከየት ጠጣ? ሁሉም የሚረሳው ነገር ግን ያልታመሙትን መጠየቅ ነው። የታመሙት ሁሉ ሽሮ በልተዋል ማለት ብቻውን ምንም አይደለም፤ ደህናዎቹም በልተውት ይሆናል።

ስለ አተት፦ አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት ማለት ነው፣ እኛ አገር ኮሌራን ላለመጥራት ስንጠቀምበት ኖርን። ኮሌራ ከተጠረጠረ ጤና ተቋሙ ወዲያው ነው ሪፖርት የሚያደርገው፣ የሳምንት ሪፖርት አይጠበቅም። ክሊኒካችሁን "ሪፖርት አድርጋችኋል ወይ፣ ሰገራ ናሙና ተወስዷል ወይ" ብላችሁ በጨዋነት ጠይቁ። ሻንጣውን የያዘውን ልጅ ደግሞ አስቀሩት። ታሞ ሚኒባስ ቢሳፈር ለሐይቅም ለከሚሴም ነው የሚያደርሰው።

ፍሬሽ_ሰው፣ ማክሰኞ 3፡30

ሮቶው ውስጥ የሆነ ነገር ጨምረውበት ነው። ማታ ሁለት ሰዎች ጣሪያ ላይ ታይተዋል አሉ።

መዝጋቢው፣ ማክሰኞ 3፡41

ወንድሜ፣ ጣሪያ ላይ የታዩት ውሃ ሲጠፋ ሁሌም የሚወጡት የቧንቧ ሠራተኞች ናቸው። ሮቶው ቢሆን ኖሮ ከዚያ የሚቀዳው ብሎክ ሁሉ ይታመም ነበር። በደብተሩ ላይ ይታያል። ደግሞ ሮቶውን መጠርጠር ጥሩ ነው፣ መርዝ ሳንፈልግም ክዳኑ ክፍት ከሆነ በቂ ችግር ነው። ግቢው የክሎሪን መለኪያ ካለው በሊትር ከ0.2 እስከ 0.5 ሚሊግራም ቀሪ ክሎሪን ቧንቧው ላይ መገኘት አለበት። እስከዚያው ውሃ አጋር የሚባለውን የውሃ ማከሚያ አድርጉና 30 ደቂቃ ጠብቁ፣ ወይም አፍሉ።

የጦሳ_ንፋስ፣ ማክሰኞ 4፡15

ስለማፍላት አንድ ነገር ልጨምር፣ ደሴ ስላደግኩ። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ናት። ውሃው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው የሚንተከተከው። ተማሪ ሆኜ አስተማሪያችን ሲነግረን አላመንኩም ነበር፣ ቴርሞሜትር አምጥቶ አሳየን። ጀርሙ ይሞታል፣ ግን ከ2,000 ሜትር በላይ ላለ አገር ከተንተከተከ በኋላ 3 ደቂቃ ይተዉት ይባላል። ኮምቦልቻ ዝቅ ስለምትል አንድ ደቂቃ ይበቃታል። ሙቀት ስላላት ግን ወጡንም ቶሎ ታበላሻለች።

ይሄ የኔን ዘመን አስታወሰኝ። ሌላ ግቢ ነው፣ ሌላ ጊዜ ነው። ረመዳን ነበር። ካፌው የሱሑሩን ምግብ ከእራት ጋር አንድ ላይ ይሰጠናል። ሩዝና ወጥ በላስቲክ ሳህን፣ ማታ 1 ሰዓት ላይ። አልጋ ስር አስቀምጠን ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ እንበላዋለን። ቆላ ነው፣ ዶርሙ ያቃጥላል። አንድ ሌሊት በልተን ሱብሒ ሰግደን ገና ሳንተኛ ተራ በተራ ተነሳን። ያ ረቢ፣ የዚያን ቀን ያላስመለሰ አልነበረም። ማታ ላይ ሁላችንም ደህና ሆንን። መዝጋቢው አሁን ያሉትን ሳነብ ነው የገባኝ፣ ሦስት ሰዓት እንኳ አልሞላም ነበር። የዚያን ጊዜ እኛ ግን ምን ብለን ነበር መሰላችሁ? ቡዳ ነው፣ ብዙ ሰው አይቶብናል አልን።

መፍትሔው ቀላል ነበር። የተማሪ ተወካዮች ለምነው ሱሑሩ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ትኩሱን እንዲወጣ ተደረገ። አብሳዮቹ አጉረመረሙ፣ ግን ሠሩ።

ደሴ አይጠየፍ አዳራሽን የምታውቁ ታውቃላችሁ፣ ንጉሥ ሚካኤል ግብር ያበሉበት ነው። ስሙ ራሱ አይጠየፍ! የካፌያችን በር ላይም ይጻፍልን እንል ነበር።

ብሎክ_ሰባት፣ ማክሰኞ ማታ 2፡50

ደብተሩን ያዝን። መጀመሪያ ሰው ሳቀብን፣ "ቆጠራ መጣ" አሉን። ሦስት ፎቅ ዞርን። ሴቶቹ ብሎክ የኛን አይተው ራሳቸው ጀመሩ፣ እንደውም የነሱ ደብተር ከኛ የተሻለ ነው። በስክርቢቶ አስምረውበታል።

ያገኘነው ይሄ ነው። ደም የለም። ትኩሳት ጥቂቶች ላይ ብቻ፣ እሱም ቀለል ያለ። ማስመለሱ ይቀድማል። አብዛኛው የጀመረው ከሰኞ ማታ 3 ሰዓት እስከ ማክሰኞ ረፋድ ነው። ውሃው አይመስልም፣ ከዚሁ ሮቶ የሚጠጣው ጎረቤት ብሎክ ብዙም አልታመመም። ሽሮውንም ደህናውም የታመመውም በልቶታል።

ልዩነቱ የወጣው ሰኞ ቁርስ ላይ ነው። ሻይና ዳቦ። ቁርስ የሚያመልጠው እንቅልፋም ሁሉ ደህና ነው! የጎረቤት ብሎክ ልጆች ሰኞ ማለዳ ፈተና ነበራቸው፣ ካፌ አልገቡም። እኔም የዚያን ቀን ተኝቼ ነው የተረፍኩት። እናቴ "በማለዳ ያልተነሳ" እያለች የምትሰድበኝን ዛሬ ልደውልላት ነው።

ግን ዳቦ ይጋገራል እኮ። እሳት ያየ ነገር እንዴት?

መዝጋቢው፣ ማክሰኞ ማታ 3፡20

ጎበዞች። ሴቶቹ ያሰመሩበትን ደብተር ፎቶ አንስታችሁ ለክሊኒኩ ስጡ።

ዳቦው ከእሳት ከወጣ በኋላ ማን ነካው? ከከረጢት አውጥቶ በእጁ የሚያድለው አለ። ያ ኖሮ ያልኳችሁ ቫይረስ በጣም ጥቂት ቢገባም ለማሳመም ይበቃዋል። አንድ ያመመው ሰው ሽንት ቤት ገብቶ፣ ውሃ ስለሌለ እጁን ሳይታጠብ፣ ዳቦ ቢያድል አለቀ። ቁርስ ከጠዋቱ 1 ሰዓት፣ ማስመለሱ ከማታው 3 ሰዓት ጀምሮ። 14 ሰዓትና ከዚያ በላይ ነው፣ ሰዓቱ ገጠመ። የላቦራቶሪ ማረጋገጫ አይደለም፣ ግን መፈለጊያውን ቦታ ያሳየናል።

ጂሲ_ተናዳጅ፣ ማክሰኞ ማታ 3፡34

ማን እንደሆነች እናውቃታለን። [የሰው ስም ስለተጠቀሰ በአወያይ ተሰርዟል] ነገ በር ላይ እንጠብቃታለን።

አወያይ፣ ማክሰኞ ማታ 3፡50

እዚህ ቤት የሰው ስም አይጠራም። የግቢም ስም አይጠራም። ሁለተኛ ከደገምክ ትወጣለህ።

የወጥቤት_ልጅ፣ ማክሰኞ ማታ 4፡30

እስካሁን አንብቤ ዝም ብዬ ነበር። አሁን ልናገር።

እናቴ የተማሪ ምግብ ቤት ነው የምትሠራው። የናንተ ግቢ አይደለም። በኤጀንሲ ነው የተቀጠረችው፣ የቀን ሂሳብ ነው። ቀረህ፣ ተቆረጠ። ሁለት ቀን ከቀረህ በቦታህ ሌላ ሰው ታገኛለህ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተነስታ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ በጨለማ ነው የምትሄደው። ሆዷን ሲያማት አይቻታለሁ። "እማ ዛሬ ቅሪ" ስላት "ልጄ፣ ሆዴ ቢቆርጠኝ ይሻላል ወይስ ደሞዜ ቢቆረጥ?" ነው ያለችኝ። በኔ የትምህርት ቤት ክፍያ የተነሳ ነው።

አሁን ንገሩኝ፣ አመመኝ ብላ ለአለቃዋ ብትናገር ምን ትጠቀማለች? እናንተ በር ላይ ቆማችሁ ብትጠብቋት ደግሞ ከነገ ጀምሮ አንድም አብሳይ አመመኝ አይልም።

ሲስተር_ሸዋበር፣ ማክሰኞ ማታ 4፡47

የኔ ልጅ፣ አላህ እናትሽን ያቆይልሽ። እውነቱን ተናገርሽ። እኛ ጤና ጣቢያ እንኳ ነርስ ሲያማት "ማን ይተካኛል" ብላ ትገባለች፣ እኔም ገብቻለሁ። ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል።

መዝጋቢው፣ ረቡዕ ጠዋት 1፡10

ይሄ አስተያየት ከኔ ረጅም ጽሑፍ ሁሉ ይበልጣል።

ግቢው የሚያደርገውን ልናገር። ምግብ የሚነካ ሰው ካስመለሰው ወይም ተቅማጥ ከያዘው፣ ምልክቱ ከቆመ በኋላ 48 ሰዓት ሙሉ ወጥ ቤት አይገባም። እየተከፈለው። ያለ ክፍያ ከሆነ ይደብቃል፣ እኔም ብሆን እደብቃለሁ። ከዳነ በኋላም ቫይረሱ በሰገራ ሁለት ሳምንትና ከዚያም በላይ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ ሲመለስም ወጥ ቤት በር ላይ ሳሙናና የሚፈስ ውሃ ያስፈልጋል። ቧንቧ ከሌለ ጀሪካን ላይ ቧንቧ ይገጠም፣ እሱም ከጠፋ የሃይላንድ ክዳን በሚስማር ይበሳ። ዳቦ በመቆንጠጫ ይታደል። ከኮሮና የተረፈውን ሳኒታይዘር አትመኑ። ለዚህ ቫይረስ አልኮል ብዙም አይሠራም፣ ሳሙና ነው።

ፕሮክተር_አባባ፣ ረቡዕ 2፡00

እኔ ፕሮክተር ነኝ፣ የተማሪ ዶርም ተቆጣጣሪ፣ የዚህ ግቢም ላልሆን እችላለሁ። ትውከት ስለማጽዳት ልንገራችሁ፣ ልጆቹ ሲሠሩ እያየሁ ነውና።

በደረቅ መጥረጊያ አትጥረጉት። ይበናል። መጀመሪያ አሮጌ ጨርቅ ወይም ሶፍት ጣሉበት፣ በጓንት ጠቅልላችሁ አንሱ። ጓንት ከሌለ ፌስታል እጃችሁ ላይ አጥልቁ። ከዚያ በረኪና። ሱቅ የሚሸጠው 5 በመቶ የሚለው ከሆነ አንድ ኩባያ በረኪና፣ ዘጠኝ ኩባያ ውሃ። አፍስሳችሁ 10 ደቂቃ ተዉት፣ ከዚያ ወልውሉ። የበር እጀታና ማብሪያ ማጥፊያ አትርሱ፣ ሁሉም ሰው ወለሉን አሳምሮ እጀታውን ይረሳል። ለዚያ አንድ ኩባያ በ49 ውሃ ይበቃል። በየቀኑ አዲስ በጥብጡ፣ ያደረው ኃይሉ ይሞታል። ከሽንት ቤት አሲድ ጋር አንድ ላይ እንዳታደርጉ፣ ጋዙ ሳንባ ያቃጥላል። አንድ የጽዳት ሠራተኛ እንዲህ ስትወድቅ አይቻለሁ።

ለታመሙት አንድ ሽንት ቤት ለዩላቸው፣ በሩ ላይ ወረቀት ለጥፉ። ምግባቸውን ዶርም ድረስ ውሰዱላቸው። ሚል ካርዱን ይዞ ጓደኛው ይሂድ፣ ካፌ በር ላይ ካርድ የሚያየው ቲከርም ለዛሬ አይጨቃጨቅ።

ነንካፌ_ነኝ፣ ረቡዕ 4፡25

ወድቄያለሁ።

ከጠዋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ። ዳቦ አልበላሁም፣ ካፌ ከገባሁ ዓመት ሆነኝ። ወላሂ ምንም አልነካሁም!

መዝጋቢው፣ ረቡዕ 4፡31

ሌሊት ወለሉን የወለወልከው ምን ለብሰህ ነበር?

ነንካፌ_ነኝ፣ ረቡዕ 4፡33

ቁምጣ።

ነንካፌ_ነኝ፣ ረቡዕ 4፡34

እሺ፣ ገባኝ። በባዶ እጄ ነበር። ከዚያ እጄን በሳኒታይዘር አሽቼ ብስኩት በላሁ።

ብሎክ_ሰባት፣ አርብ ማታ 1፡15

የደረሰውን ላውራችሁ፣ ያልጠየቀ ሁሉ በውስጥ መስመር እየጠየቀኝ ነው።

ረቡዕ ከሰዓት ከተማሪዎች ኅብረት ጋር ሆነን ሁለቱን ደብተር ይዘን ገባን። ድንጋይ ይዘን ብንገባ ኖሮ የሚጠራው ፖሊስ ነበር፣ ደብተር ስንይዝ ወንበር አቀረቡልን። መጀመሪያ "ተራ የምግብ አለመስማማት ነው" አሉ። የሴቶቹ ተወካይ የሰኞ ቁርሱን ገጽ ገልጣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ዝም አሉ። ከጤና ጽሕፈት ቤት ሰዎች መጡ፣ ናሙና ወሰዱ። የኮሌራው ፈጣን ምርመራ ኔጋቲቭ ነው። ሻንጣ የያዘው ልጅ ሻንጣውን ፈታ።

ወጥ ቤት ገብተው አንድ በአንድ ጠየቁ፣ ለብቻ ለብቻ፣ "አይቆረጥባችሁም" ተብሎ በጽሑፍ ከወጣ በኋላ። አንዷ ብቻ መስላን ነበር፣ ሦስት ሆነው ተገኙ። እሁድ ልጇን አሟት እሷንም ይዟት የነበረች አለች። ሦስቱም ቤታቸው ናቸው። የነገሩ ክርክር ኤጀንሲው ላይ ነው፣ "ያልሠራ ሰው አንከፍልም፣ ግቢው ይክፈል" ይላል። ግቢው ደግሞ "ውሉ የናንተ ነው" ይላል። ለአሁኑ ለአንድ ሳምንት ግቢው ይሸፍናል ተባለ። ከሳምንት በኋላ? እሱን እየጠበቅን ነው፣ ደብተሩ እኛ ጋር ነው።

ዳቦ በመቆንጠጫ ሆኗል። ሰልፉ ረዝሟል፣ ሰው ይነጫነጫል። ውሃ ሐሙስ መጣ። ዛሬ አዲስ የታመመ ከኛ ፎቅ አንድ ብቻ ነው፣ እሱም የነንካፌ ዶርም ልጅ ነው።

ነንካፌ_ነኝ፣ አርብ ማታ 1፡22

እኔ አይደለሁም ያስያዝኩት!

ጂሲ_ተናዳጅ፣ አርብ ማታ 1፡40

ማክሰኞ የጻፍኩትን ይቅርታ። ተናድጄ ነው። ለወጥ ቤቷ ልጅ በተለይ።

የወጥቤት_ልጅ፣ አርብ ማታ 2፡05

ምንም አይደል ወንድሜ። ሁሉንም ለእማ ቡና እያፈላች አነበብኩላት። አቦሉ ላይ ዝም ብላ ሰማችኝ። ቶናው ላይ ስንደርስ "48 ሰዓት እየተከፈላቸው ይተኛሉ ነው የምትይኝ?" አለች። አዎ አልኳት። ስኒውን አስቀመጠችና "የት ግቢ ነው እሱ? ሰው ይፈልጉ እንደሆነ ጠይቂልኝ" አለችኝ።